ሐይቁ ዳር ፎቅ ይውጣ ወይስ ይገደብ?

ሀዋሳ ላይ ቡና ስንጠጣ የማያልቅ ክርክር አለን። አንዱ ወገን በሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው አካባቢ ረጃጅም ፎቅ ይፈቀድ ይላል። መሬት ውድ ነው፤ ወደ ላይ ካልተሠራ ከተማው የገበሬውን ማሳ እየበላ ወደ ጎን ይሰፋል። እውነት አለው።

ሌላው ወገን ከፍታው ይገደብ ባይ ነው። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ለእይታው ብቻ ብዬ አይደለም (ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ሐይቁን ያየ ግን ይገባዋል)። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ፎቅ በጨመረ ቁጥር ፍሳሹም ይጨምራል። ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ መሬት ይንቀጠቀጣል። ውሃ አጠገብ ባለ ልል አፈር ላይ ረጅም ሕንፃ ለማቆም መሠረቱ ብቻውን ኪስ ያራቁታል። እዚሁ ሀዋሳ፣ ፒያሳ በኩል ግን ይውጣ፣ ምን ገዶኝ!