ቸርኬውን የበላው ጎማ፦ አንድ የቮልስ ኪት ከመንፈቅ በኋላ

ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ ጎማ ነው። የገዛሁት ግን ሙሉ መኪና ነው፤ የፈረንጆቹ 1960ዎቹ ቮልስ በ1/24 መጠን ተቀንሳ፣ በብዙ ቁርጥራጭ በካርቶን ታሽጋ የምትሸጥ፣ ገዢው ራሱ አጣብቆና ቀብቶ የሚገጣጥማት የፕላስቲክ ኪት። ስለ አካሏ፣ ስለ ሞተሯና ስለ መስታወቶቿ ብዙ መልካም ነገር መጻፍ በቻልኩ ነበር። ይሁን እንጂ በኅዳር ገጣጥሜ ጨርሼ ባሕር ዳር ባለው ቤቴ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥኳት በኋላ፣ በግንቦት አቧራዋን ልጠርግ ባነሣኋት ጊዜ የገጠመኝ ነገር ሌላውን ሁሉ አስረስቶኛል። ዋጋዋን እዚህ አልጠቅስም፤ ባለቤቴም ታነባለች።

መኪናዋን ብድግ ሳደርግ፣ ከኪቱ ጋር የመጣው ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ መቆሚያም አብሮ ተነሣ። ጎማዎቹ ተጣብቀውበት ነበር። በቀስታ ወዝወዝ አድርጌ ሳላቅቃቸው እንደ ማስቲካ ተስበው ለቀቁ፤ ባረፉበት ቦታ ላይም አራት ጉድጓዶች ቀሩ። ጉድጓዶቹ በቧጨራ ወይም በክብደት የመጡ አይደሉም፤ ጠርዛቸው ለስላሳ፣ ውስጣቸው የሚያብለጨልጭና ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ ነው። ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት የጎማው ጥርስ መስመር በመስመር ተገልብጦ ታትሞባቸዋል። ለማተሚያ ቤት እንዲህ ያለ ጥራት ያለው ማኅተም ቢቀርብለት ደስ ይለው ነበር።

ቸርኬዎቹን ለማየት ጎማዎቹን ሳወልቅ ደግሞ የባሰ መጣ። የጎማው የውስጥ ጠርዝ በቸርኬው ላይ የተኛበት ቦታ ሁሉ አብጦና ተኮማትሮ፣ የብር ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ከጎማው ጋር ተነሥቷል። በኒኬል መሳይ ሽፋን የተለበጡት የቸርኬ ክዳኖች መሐላቸው ደኅና ሲሆን፣ ጎማው በሚነካቸው ዳርቻ ግን ሽፋኑ ተቀርፎ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ወጥቷል። አንዱን ቸርኬ በወረንጦ ጫፍ ጫን ብዬ ስሞክረው ጠንካራ የነበረው ፕላስቲክ ሰርጎድ አለ።

ምክንያቱ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም። የመኪናዋ አካል፣ ቸርኬውና መቆሚያው የተሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ጎማው ግን ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ለቧንቧ የምንጠቀምበት ያው ዕቃ ነው። እንደ ጎማ እንዲተጣጠፍ የሚፈለግ ከሆነ ማለስለሻ ፈሳሽ በብዛት ይደባለቅበታል፤ ከእነዚህም የታወቁት ፍታሌት የሚባሉት ናቸው። ይህ ፈሳሽ ከፒቪሲው ጋር በኬሚካል የተሳሰረ ስላልሆነ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ የሚነካው ነገር ፖሊስታይሪን ከሆነም ገብቶ ያለሰልሰዋል። ተማሪ የነበረ ሁሉ ላጲሱ በቦርሳው ውስጥ ከፕላስቲክ ማስመሪያው ጋር ከርሞ ተጣብቆና ማስመሪያውን ሰርስሮ ያገኘበት ጊዜ ይኖራል፤ ብዙው ላጲስ ከዚሁ ከለሰለሰ ፒቪሲ የሚሠራ ስለሆነ ሁለቱም ጉዳይ አንድ ነው። የሞዴል ሠሪዎች ዓለም ይህን ካወቀ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታሸጉ የቆዩ ኪቶች ሲከፈቱ፣ ከሌላው ክፍል ጋር ተቀላቅለው የከረሙት ጎማዎች የመኪናውን ጣሪያ ወይም የፊት መስታወቱን በልተው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ሻጩ የሚለኝን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ «ባሕር ዳር ሞቃት ነው» ይለኛል። ሙቀት የፈሳሹን ስርገት እንደሚያፋጥን አልክድም፤ ደብረ ማርቆስ ብርድ ውስጥ ብኖር ኖሮ ይህ ጉዳት ምናልባት ለመስከረም ይዘገይልኝ ነበር። ነገር ግን መደርደሪያዬ ፀሐይ አያገኘውም፤ ከተማችንም በሚያዝያ እኩለ ቀን ሠላሳ ዲግሪ አካባቢ ቢደርስ ነው፤ ፖሊስታይሪን ደግሞ በሙቀት ብቻ የሚለሰልሰው ወደ መቶ ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ቀጥሎ «ቸርኬውን ውስጡንም መቀባት ነበረብህ» ይለኛል። የመመሪያው ወረቀት የእያንዳንዱን ክፍል ቀለም በቁጥር ይዘረዝራል፤ የመሪው ዘንግ ምን ዓይነት ጥቁር መሆን እንዳለበት፣ ደብዛዛ ይሁን አንጸባራቂ፣ ሳይቀር ይነግረኛል። ጎማው ስለሚያርፍበት የቸርኬ ገጽ ግን አንዲት ቃል የለውም። በመጨረሻም መልስ ሲያጣ «ምን አለ፣ መጫወቻ አይደለም እንዴ?» ይላል። መጫወቻ ከሆነ ሳጥኑ ላይ ለሕፃናት እንደማይሆን ለምን ጻፉበት? ለመደርደሪያ የተሠራ ዕቃ ሥራው መቆም ብቻ ነው፤ ይህች መኪና ደግሞ የተበላሸችው በመቆሟ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ማሸጊያው ነው። ካርቶኑን ስከፍት አራቱ ጎማዎች ከሌላው ክፍል ተለይተው በራሳቸው ትንሽ ላስቲክ ታሽገው ነበር። ያን ጊዜ ጥንቃቄውን አደነቅሁ። አሁን ሳስበው ግን ጎማውን ለብቻው አሽጎ የላከ አምራች ጎማው ፕላስቲኩን ሲነካ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃል ማለት ነው። ዕቃው ሱቅ ውስጥ እስኪሸጥ ድረስ ጠበቀው፤ ከተሸጠ በኋላ ግን ያንኑ ጎማ በዚያው ፕላስቲክ ላይ አስገጥሞ፣ መቆሚያውንም ከዚያው ፕላስቲክ ሠርቶ ሰጠኝ። በመመሪያው ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ለመጨመር የሚጠፋው ቀለም ምን ያህል ነው?

በመናኸሪያው አቅራቢያ የሚሠራ አንድ ወጣት ጎሚስታ ቸርኬውን አሳይቼው አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቸርኬ ጎማ ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ ጎማ ቸርኬ ሲበላ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለኝ። የእርሱ ጎማ በድኝ የበሰለ ላስቲክ፣ የእርሱ ቸርኬ ደግሞ ብረት ስለሆነ እውነቱን ነው።

ስለ ሌላው ነገር ባጭሩ ልበል። ልኩ ትክክል ነው፤ የእውነተኛዋ ቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.40 ሜትር ስለሆነ በዚህ መጠን አሥር ሴንቲሜትር መምጣት አለበት፤ በማስመሪያ ለካሁት፣ መጣ። ፓራፋንጎዎቹ ከአካሉ ጋር ያለ ብርጭቆ ወረቀት ገጠሙ። የኋላው ኮፈን ሲከፈት በአየር የሚቀዘቅዘው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከነማራገቢያ ቤቱ ይታያል። ፈሳሽ ማጣበቂያው ፕላስቲኩን በጥቂቱ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ ስለሚያደርገው መጋጠሚያው እስከ ዛሬ አልተላቀቀም። እኔም በበኩሌ ከመርአዊ ያመጣሁትን ቀይ አፈር በነጠላ ቁራጭ ነፍቼ በደረቅ ብሩሽ ከፓራፋንጎው ሥር ስነሰንስበት፣ ከዳንግላ በኩል ከገጠር መንገድ የመጣች እንጂ ከካርቶን የወጣች አትመስልም ነበር። «ኮድ 2 አማ» የሚል ታርጋም በወረቀት አትሜ ለጥፌላታለሁ። ይህን ሁሉ ደክሜ ነው እንግዲህ እግሯ የሟሟው፤ ንዴቴም ከዚህ የመጣ ነው።

ጥገናውን በሚቻለው መጠን ሠርቻለሁ። በመጀመሪያ የሚመክሩህ ጎማውን በሳሙና ማጠብን ነው፤ ይህ ላዩ ላይ ያለውን ቅባት ብቻ ያነሣል፣ ከውስጥ ያለው ግን ነገም ይወጣልና አይረባም። ቸርኬዎቹን ያለ ጎማ ለብቻቸው ለሳምንታት ክፍት አየር ላይ ተውኳቸው። የተወሰነውን ጥንካሬያቸውን መልሰዋል፤ ያበጠው ግን እንዳበጠ ስለቀረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በብር መልክ የዘይት ቀለም ቀባኋቸው፤ ቀለሙ ጠንክሮ እስኪደርቅም ታገሥሁ። ይህም ብቻውን ስላላሳመነኝ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነጩን ቴፍሎን ገዛሁ። ቧንቧ ሠራተኛ በጥርሱ በጥሶ በቧንቧ መጋጠሚያ ዙሪያ የሚጠመጥመው ያው ስስ ክር መሳይ ሪባን ነው፤ ማለስለሻው ፈሳሽ አይዋጥበትም፣ ቀጭን ስለሆነም ጎማው ከገባ በኋላ አይታይም። በምላጭ በቸርኬው ስፋት ቆርጬ አንድ ዙር ከጠመጠምኩ በኋላ ጎማውን መለስኩ። መቆሚያውን ግን ማዳን አልተቻለም፤ በምትኩ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄጄ በልኩ አስቆርጬ ጠርዙን አስሞረድኩ። መስታወት ለፍታሌት ደንታ የለውም።

ቴፍሎኑ ከተጠመጠመ ወዲህ ምንም ምልክት አላየሁም፤ ነገር ግን በየጊዜው እያነሣሁ ከሥሯ ማየት ልማድ ሆኖብኛል፤ ለመዝናናት የገዛሁት ዕቃ ጠባቂ አደረገኝ። ኪቱን መግዛት ለሚያስብ ሰው ገና ከካርቶኑ ሳያወጣ ቴፍሎን ይግዛ እላለሁ፤ ጎማው ከሁለት ግማሽ ደረቅ ፕላስቲክ የሚጣበቅ ኪት ካገኘም፣ ጎማው እውነተኛ ባይመስለውም፣ እርሱን ይምረጥ። ከአምስት ስንት ትሰጣታለህ ለሚለኝ፣ ከቸርኬ በላይ ላለው ሁሉ አራት ተኩል፣ ለጎማው ዜሮ እሰጣለሁ። አማካዩን የሚፈልግ ሻጭ ራሱ ያስላው።