ለቀን 6፣ ለማታ 18

ሐዋሳ ላላችሁ መምህራን፣ በተለይ እንደ እኔ ከጠመኔ ጋር ላረጃችሁ፦ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ ነው። አቶቴ አካባቢ ትንሽ ኮምፒውተር ቤት አለው። ፕሪንት ያደርጋል፣ ላፕቶፕ ይጠግናል። እኔን ግን ያዳነኝ በሌላ ነገር ነው።

የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎችን ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። የዩኒቨርሲቲው የኦንላይን መማሪያ የሚሠራው ሙድል በሚባል ሶፍትዌር ነው። በ2012 ኮሮና መጥቶ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ ኖቴን በቴሌግራም በትኜ «ተገላገልኩ» ያልኩ ሰው ነኝ። ዘንድሮ ግን ወግ ይድረሰኝ ብዬ የመጀመሪያውን ኩዊዝ ሙድል ላይ አዘጋጀሁ። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መመለስ አልረሳሁም። መክፈቻ 2፡00፣ መዝጊያ 4፡00 ብዬ ሞላሁና በሰላም ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኬ መጮህ ጀመረ። «ቲቸር፣ ፈተናው ተዘግቷል ይላል።» አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። ለካ ሙድል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ብቻ ነው! የእኛ ጠዋት 2 ለእሱ 8፡00 ነው። እኔ የሞላሁት ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ቁጭ አለ። ፈተናዬ አገር ምድሩ ተኝቶ ሳለ ተከፍቶ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተዘጋ። ይባስ ብሎ አንድ እንቅልፍ የለሽ ተማሪ ገብቶ ሠርቶ ወጥቷል። 9 ከ10።

ላፕቶፔን ታቅፌ ልጁ ጋ ሄድኩ። የአንድ ሰው ፕሪንተር ፈታትቶ እጁ ቀለም በቀለም ሆኗል። ነገሩን ስነግረው አልሳቀብኝም። (እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ራሴን አልገዛም ነበር።) ሊያየው ሲቀመጥ ፓስወርዴን ልነግረው ጀመርኩ። «አይንገሩኝ ቲቸር፣ ራስዎ ያስገቡ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ያኔ ነው ልቤ የወደደው።

ሰዓቱን ማስተካከልማ የደቂቃ ሥራ ነበር። ነገር ግን የሌሊቱ ተማሪ ጥያቄዎቹን አይቷቸዋል። አንድ ሰው ከሠራው በኋላ ደግሞ ሙድል በዚያው ፈተና ላይ ጥያቄ መጨመርም ማውጣትም አይፈቅድም። «ስለዚህ ይህን አይንኩት፣ አዲስ እንሥራ» አለኝ። የቆዩ ፈተናዎቼ በወርድ አሉኝ። ከትክክለኛው መልስ ፊት የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከስህተቶቹ ፊት ያቺን የተጠማዘዘች ሰረዝ (~) እያደረግን በተራ ጽሑፍ አስቀመጥናቸው፤ ሙድል መልሱን የሚለየው በእነዚህ ምልክቶች ነው። 60 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ወደ ሙድል የጥያቄ ማከማቻ (ጥያቄ ባንክ) ገባ። እኔ አንድ በአንድ ስለቅም ስንት ማታ አምሽቻለሁ! ከዚያ ሙድል ለእያንዳንዱ ተማሪ 10 ጥያቄ በዕጣ እንዲያወጣ አደረግነው። የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ከጎን መኮረጅ ከባድ ነው። ኩዊዙ በማግስቱ እሁድ ተሰጠ። የሌሊቱን ተማሪ ውጤት ግን እንዳለ ተውኩለት። እንቅልፉን የከፈለበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ሆኛለሁ። አንድ ቀን ምንም አሳይመንት ያላስገባ ተማሪ ድምር ውጤቱ 90 በመቶ ይላል። ልጁ ወዲያው አገኘው። ሙድል ካልነገሩት በቀር ባዶ ቦታን ዜሮ ብሎ አይቆጥርም፣ ዘሎት ያልፋል። ተማሪው የሠራት አንዲት ኩዊዝ ብቻ ናት፣ እሷ ናት 90። ይህን ያላስተካከላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ የውጤት መዝገባችሁን ክፈቱና እዩ።

ሌላ ጊዜ ይርጋለም ያለች ተማሪዬ ፈተና ላይ እያለች መብራት ጠፋባት። ለእሷ ብቻ አንድ ተጨማሪ ሙከራ መክፈት እንደሚቻል ያሳየኝ እሱ ነው። ሌላው ክፍል ምንም አይነካበትም።

ሃንዳውቶቼን በስልክ እያነሳሁ ነበር የምጭነው። አንዱ ብቻ 40 ሜጋ። «ቲቸር፣ ተማሪው እኮ ፓኬጅ የሚገዛው በገንዘቡ ነው» አለኝ፤ አፈርኩ። አሁን ሁሉም ከ2 ሜጋ በታች ናቸው። ተማሪዎቹ ዋይፋይ ያለበት ቦታ በሙድል አፕ አውርደው፣ ቤታቸው ያለ ኢንተርኔት ያነባሉ።

ሲሠራ ወሬ ይወዳል። ሙድልን የፈጠረው ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ በረሃ ውስጥ አድጎ በሬዲዮ የተማረ መሆኑን የሰማሁት ከእሱ ነው። የመጀመሪያው ሙድል የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2002 ነው፤ እስከ ዛሬም በነፃ ነው። እኛም በልጅነታችን የትምህርት በሬዲዮን ከበን እንሰማ ነበር። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ግን አላውቅም።

እንከንም አለው፣ አልደብቅም። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ቅዳሜ ከሰዓት ከሄዳችሁ ወረፋው አያልቅም። ዋጋው ግን የሚያሳፍር ነው፣ ለእኔ ማለቴ ነው። ለሁለት ሰዓት ሥራ የጠየቀኝ ሒሳብ አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም። አሞራ ገደል ዓሣ ልጋብዝህ ካልኩት ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ሱቁን ጥሎ የሚወጣበት ጊዜ አላገኘም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው ከልብ አመሰግናለሁ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን አትርሱ። እኔ ላፕቶፕ ላይ የለጠፋትን ብጣሽ ወረቀትም ለእናንተ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፦ «ቲቸር፣ ለቀን 6፣ ለማታ 18 ይደምሩ።»