የጡት ዕጢን በቅዝቃዜ ማጥፋት፦ ሕክምናው ከባሕር ዳር ሲመዘን

በጅምሩ የተገኘን የጡት ካንሰር ያለ ቀዶ ሕክምና በቅዝቃዜ የሚያጠፋው ክራዮአብሌሽን የተባለ ሕክምና በቤታችን መነጋገሪያ የሆነው አክስቴ ከዘጌ መጥተው በቀኝ ጡታቸው ላይ ያለውን እባጭ ካሳዩን በኋላ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን «ምላጭ ሳይነካቸው ይድናሉ» ብለው ስላጓጉን፣ ሐኪሞች ጠይቄና የጥናት ውጤቶችን አንብቤ የደረስሁበትን አቀርባለሁ።

ሐኪሙ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ፣ በአልትራሳውንድ እየተመለከተ፣ መርፌ መሰል ቀጭን ዘንግ እስከ ዕጢው መኻል ያስገባል። በዘንጉ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ መፍያው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነው፣ ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ወደ በረዶ ድቡልቡል ይለውጠዋል፤ ከዚያም እንዲሟሟ ተደርጎ ዳግም ይቀዘቅዛል። የበረዶው ቅንጣት ሕዋሳቱን ይሰባብራል፤ የሚመግቧቸው ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይዘጋሉ። ዕጢው ለቆዳ የቀረበ ከሆነ፣ ቆዳው በውርጭ እንዳይጎዳ በመካከሉ የጨው ውኃ ይወጋል። ታካሚዋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትገባለች። የሞተው ሥጋ ግን ተቆርጦ ስለማይወጣ ለወራት እንደ እባጭ ሊዳሰስ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ያልነገሯት ሴት ካንሰሩ የተመለሰ መስሏት በከንቱ ትጨነቃለች።

ውጤቱ በእኔ ግምት የሚያበረታታ ነው፤ ሆኖም ልኩ መታወቅ አለበት። አይስ 3 የተባለው ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ዕጢያቸው ከ1.5 ሴንቲሜትር የማይበልጥና ጠባዩ ዝግ ያለ 194 ሴቶችን ተከታትሎ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በታከመው ጡት የተመለሰበትን መጠን 4.3 በመቶ አድርሶታል። ጥናቱ ግን በቅዝቃዜ የታከሙትን በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ጋር ጎን ለጎን አላነጻጸረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2025 እ.ኤ.አ. ሲፈቅደውም፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑና የሆርሞን መድኃኒትም ለሚወስዱ ሴቶች ብቻ ነው። አክስቴ ስልሳን ካለፉ ቢቆዩም ሰባ አልሞላቸውም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት የፓቶሎጂ ክፍል ሄዶ ጠርዙ ከካንሰር ንጹሕ መሆኑ ይመረመራል፤ በቅዝቃዜ ሲታከሙ የሚመረመር የወጣ ሥጋ የለም። ስለዚህ ስለ ዕጢው ጠባይ የሚታወቀው ሁሉ የሚገኘው አስቀድሞ በመርፌ ከተወሰደው ናሙና ነው፤ እዚህ ከተማችን ውስጥ ልመዝነው የቻልሁትም ይህንኑ አገልግሎት ነው።

ናሙናው የተወሰደው ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የምርመራ ማዕከል ነበር። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ አክስቴ አዙራ ጥቁር ሆኖ የሚታየውን እባጭ በጣቷ እያመለከተች፣ «እማማ፣ አሁን ቀጭ ይላል፤ እንዳይደነግጡ» አለቻቸው፤ መርፌው ቀጭ ሲልም እጃቸውን ያዘች። እንደ ፈትል የቀጠነ ነጭ ሥጋ ፎርማሊን ወዳለበት ብልቃጥ ገባ፤ ስማቸው ብልቃጡ ላይ የተጻፈው እዚያው በፊታችን ነው። ይህን ጥንቃቄ በሙሉ ልብ አመሰግናለሁ። የጽሑፉ ውጤት ግን «ትንሽ እባጭ» ከማለት በቀር መጠኑን ስላልገለጸ፣ ቀዶ ሐኪሙ መልሶ ላከን። ለቅዝቃዜም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ውሳኔው በሚሊሜትር በሚለካበት ጉዳይ ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም፤ የምትሄዱ ሁሉ መጠኑ መጻፉን ሳታዩ ወረቀቱን አትቀበሉ። ናሙናው፣ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ለሚያሳየው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ስለነበር መጠበቁም አድክሞናል።

ዕጢው 1.3 ሴንቲሜትር፣ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሐኪሙ ቅዝቃዜው እዚህ እንደማይሰጥ፣ ውጭ ቢሄዱ ደግሞ ጡቱን በየጊዜው በማሞግራም፣ ማለትም በጡት ራጅ፣ መከታተል የግድ እንደሚሆን ሳይቸኩል አስረዳቸው። እኔም የጉዞውን ወጪና ክትትሉን ሳስብ፣ ለእርሳቸው እንደማይመከር ተረዳሁ፤ ልባቸው ወይም ሳንባቸው ሙሉ ማደንዘዣን የማይችል ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ እል ነበር። አክስቴ፣ «የወጣውን መርማሪ ካየው ልቤ ያርፋል» ብለው ቀዶ ሕክምናውን መረጡ። አሁን በየቀኑ የሚውጡት የሆርሞን ክኒን በቅዝቃዜ ቢታከሙም የሚቀርላቸው አልነበረም።