የቅዳሜው የመስክ በጎ ፈቃድ መርሐ ግብር በአንድ የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ሚዛን

የአካባቢ ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፉት ሁለት ሴሚስተሮች አንድ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ለኮሌጅ ተማሪዎች ባዘጋጀው የመስክ በጎ ፈቃድ መርሐ ግብር ገብቼ 14 ቅዳሜዎችን በወንዝ ዳርና በተራቆተ ተዳፋት ላይ አሳልፌአለሁ። የማኅበሩን ስም ያልጠቀስሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሌላ ቦታ ከሚማሩ ጓደኞቼ እንደሰማሁት ጥንካሬውም ድክመቱም የእርሱ ብቻ አይደለም። በጎ ፈቃድ በነጻ የሚሰጥ ጉልበት በመሆኑ እንደ አገልግሎት መመዘኑን እንደ ነውር የሚቆጥሩ አሉ። ይሁንና ተማሪው ገንዘብ ባይከፍልም የዕረፍት ቀኑን ከፍሏል፣ ማኅበሩም በማስታወቂያው «የተማራችሁትን በተግባር ታያላችሁ» ብሎ ቃል ገብቷል፤ ስለዚህ ቃሉ ምን ያህል እንደተጠበቀ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የሚባል የለም። ምዝገባው በአንድ ገጽ ቅጽ ያልቃል፣ መኪናው በሰዓቱ ይመጣል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ሁልጊዜ አለ። ቅሬታዬ በመሣሪያዎቹ ላይ ነው፦ ጓንቶቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተገዙ በመሆናቸው እጃቸው ትንሽ የሆነ ልጆች እኩለ ቀን ሳይደርስ አውልቀው ይጥሏቸዋል፤ ከዶማዎቹም ግማሾቹ ከእጀታቸው ስለሚወልቁ አንዱ ሲቆፍር ሌላው ሽብልቅ ፍለጋ ይዞራል።

ከመርሐ ግብሩ ሥራዎች ሁሉ የላቀው የወንዝ ክትትሉ ነው። የቡድኑ መሪ መረቡን አፉ ወደ ፍሰቱ እንዲዞር አድርጋ ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ትተክለዋለች፤ ከእኛ አንዱ ከመረቡ ከፍ ብሎ ቆሞ ጠጠሩን በቦት ጫማው ያምሳል፤ ከድንጋዮቹ ሥር የተላቀቀው ሁሉ በውኃው እየተገፋ መረቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ነጭ ሳሕን ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚታየው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ብቻ ነው። ሳሕኑን ሳይነካኩ ጥቂት ሲታገሡ ግን ጭቃው ይረጋና ቅጠል የመሰለው ነገር መራመድ ይጀምራል፤ በውኃ ውስጥ የሚያድጉ የሦስት ዓይነት በራሪ ነፍሳት እጮች ናቸው፦ በሆዷ ግራና ቀኝ ያሉትን ስንጥቦች እንደ ማራገቢያ የምታርገበግብ፣ ከኋላዋ ሦስት ቀጫጭን ክሮች ያሏት የሜይፍላይ እጭ፤ ባለ ሁለት ጭራዋ የስቶንፍላይ እጭ፤ ከአሸዋ ቅንጣት በሠራችው ቱቦ ውስጥ ተሸሽጋ ራሷን ብቻ ብቅ የምታደርግ የካዲስፍላይ እጭ። በጥቅሉ ሲታይ የእነዚህ የሦስቱ ወገኖች አባላት ውኃ ሲበከልና ኦክስጅን ሲያንስ ቀድመው የሚጠፉ በመሆናቸው፣ ቁጥራቸው የወንዙን ጤንነት ለመገመት ያገለግላል።

ይህን በክፍል ውስጥ ተምሬ ፈተናውንም አልፌአለሁ። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ንጹሕ ውኃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ እንደሚችል፣ በ25 ዲግሪ ግን ወደ 8.3 እንደሚወርድ ከሰንጠረዥ አጥንቻለሁ። የዳርቻው ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው ይጠፋል፣ ውኃው ይሞቃል፣ ኦክስጅኑ ይቀንሳል የሚለው ሰንሰለት በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። በመስክ ላይ ያወቅሁት ግን የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያው የሚነግረን የዚያችን ደቂቃ ብቻ መሆኑን ነው። ጠዋት ጥላ ባለበት ቦታም ከታች ዛፍ በሌለበት ቦታም የመሣሪያው ንባብ እምብዛም አልተለያየም፤ ሳሕኖቹ ግን የሁለት ወንዝ ያህል ይለያዩ ነበር። ከታችኛው ሳሕን ያገኘነው በአብዛኛው በደማቸው ባለው ሄሞግሎቢን ምክንያት የቀሉ፣ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ መኖር የሚችሉ የካይሮኖሚድ (ትንኝ መሰል የማይናከሱ ነፍሳት) እጮችን ነው። እጮቹ ለሳምንታትና ለወራት እዚያው ስለሚኖሩ፣ እኛ ያልነበርንባቸውን ቀናት ጭምር ይመሰክራሉ። መምህራችን ይህንኑ አስተምረውን ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የሰማሁት እጄ በውኃ ረጥቦ ሳለ ነው። ማስታወቂያው የገባው ቃል በዚህ ሥራ ላይ ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል።

ሌላው ሥራ መጤ ወራሪ ዕፅዋትን መንቀል ነው። አድካሚና አሰልቺ ቢሆንም በጥንቃቄ ይመራል፦ ነቀላው ተክሉ ዘር ከመጣሉ በፊት ይደረጋል፣ ቁራጭ ሥር ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው ዝርያ ለብቻው ይሰበሰባል፣ ዘር በጭቃ ተጣብቆ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሄድም የቦት ጫማ መፋቂያ ብሩሽ መኪናው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ብሩሹን የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት መሆኑ የማኅበሩ ሳይሆን የእኛ የተማሪዎች ጥፋት ነው።

ወደ ችግኝ ተከላው ስመጣ ግን ምስጋናዬ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው፣ የቦን ተማጽኖ (Bonn Challenge) የተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ እስከ 2030 ድረስ 350 ሚሊዮን ሄክታር የተራቆተና የተመነጠረ መሬት መልሶ የማልማት ሥራ እንዲጀመር ግብ አስቀምጧል፤ የተባበሩት መንግሥታትም ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የሥነ ምህዳር መልሶ ማቋቋም አሥርት ብሎ ሰይሞታል። እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በልቤ ይዤ ወደ ተዳፋቱ ስወጣ፣ ሥራው በመጨረሻ ወደ አንድ ጉድጓድ የሚወርድ መሆኑን አላሰብሁም ነበር። ጉድጓዱ ሥሩ ከያዘው የአፈር ጓል ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሰፊ እንጂ ጥልቅ መሆን የለበትም፤ ግንዱ ከሥሩ የሚለይበት አንገት ከመሬቱ ወለል ጋር መስተካከል አለበት፤ የችግኙ ላስቲክ መውለቅ፣ በውስጡ የተጠመዘዘውም ሥር መፈታት ወይም መቆረጥ አለበት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን መንካት የለበትም። ይህን ሁሉ ለማስረዳት 10 ደቂቃ ይበቃል። ለእኛ የተሰጠን ግን ሁለት ደቂቃና «እስከ ምሳ 500 ችግኝ» የሚል ግብ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር በገዛ ፈቃዳችን ወደ ተዳፋቱ ተመልሰን የራሳችንን ረድፍ ቆጠርን። ከ60ዎቹ ችግኞች የጸደቁት 22 ነበሩ። ከደረቁት አንዱን ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ሥሩ ላስቲኩ በነበረበት ልክ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ፣ አንድም ጭራ ወደ ውጭ ሳይልክ ደርቋል። ላስቲኩን ያወለቅሁት እኔው ነበርሁ፤ ሥሩን ግን አልፈታሁትም። ሌላው ችግኝ ከአንገቱ በላይ ተቀብሮ ግንዱ በስብሷል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአዘጋጆቹ ላይ መጫን አልችልም፤ ሆኖም ተመልሰን ባንሄድ ኖሮ ይህን ማንም አይነግረንም ነበር፤ ምክንያቱም መርሐ ግብሩ ውስጥ ተመልሶ የሚቆጠርበት ቀን የለም።

ውጤቱን ለአስተባባሪው በአክብሮት አቀረብሁላቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሪፖርቱ የሚጠይቀኝ ስንት እንደተተከለ ነው፤ ስንት እንደጸደቀ የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አሉኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ አከብራቸዋለሁ፤ ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንድ ሴሚስተር የፖሊሲ ትምህርት የበለጠ ተምሬአለሁ። ለአንድ ሰው 60 ችግኝ ከማደል 20 ሰጥተው፣ የቀረውን ጊዜ ለጉዝጓዝና ለኩትኳቶ፣ አንድ ተጨማሪ ቅዳሜን ደግሞ ለቆጠራ ቢያውሉት፣ የመኪናውም የሰዓቱም ወጪ ብዙ የሚጨምር አይመስለኝም።

የምስክር ወረቀቱን በተመለከተ፣ የሠራነውን ሰዓት በትክክል ይጽፋል፤ ምን እንደሠራን ግን አይጽፍም። ለሥራ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ሰው «የወንዝ ናሙና አሰባሰብ» የሚለው ቃል እንዲገባለት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ለጠየቀ አይከለክሉም።

ለመመዝገብ ለሚያስብ ተማሪ ምክሬ አጭር ነው፦ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የአምናው ሥራ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይጠይቅ። የወንዙ ቡድን የሁለት ዓመት መዝገቡን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አውጥቶ አሳይቶኛል፤ የተከላው ቡድን ያሳየኝ ፎቶግራፍ ነው። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ለወንዙ ተመዝግቤአለሁ። ለተከላውም ቢሆን በሩን አልዘጋሁም፤ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን የጸደቀው ቁጥር የሚሞላበት አንድ ዓምድ የጨመርንበትን ቅጽ ለአስተባባሪው ሰጥተናቸዋል፣ እርሳቸውም ተቀብለው አቃፊያቸው ውስጥ አስቀምጠውታል።