«ኦርቶፔዲክ» የተባለ የተማሪ ቦርሳ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

መስከረም ሳይጠባ ከመርካቶ፣ ከሜክሲኮ ወይም ከስታዲየም አካባቢ ለልጆቻችሁ ቦርሳ የምትገዙ ወላጆች፣ እባካችሁ በጽሑፉ አትሸወዱ። ጀርባው ላይ «ኦርቶፔዲክ» (ለአጥንት ጤና የሚስማማ እንደ ማለት ነው) ስለተባለ ብቻ ተጨማሪ ብር መክፈል የለባችሁም። ቃሉን ማንም ማተም ይችላል፤ የሐኪም ማረጋገጫ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከጨርቁ ሥር ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ብቻ ነው። «ይሄን ካልገዛሽለት አከርካሪው ይጣመማል» የሚላችሁን ሻጭም አትመኑት። ቦርሳ ስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም) ያመጣል የሚል ማስረጃ የለም። ከባድ ወይም ልክ ያልሆነ ቦርሳ የሚያመጣው የትከሻ፣ የአንገትና የጀርባ ሕመም ነው፤ ይህን ደግሞ ጽሑፍ አይከላከለውም።

ዋናው ነገር ኪሎው ነው። ከነዕቃው ቦርሳው ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ2.5 እስከ 3.75 ኪሎ ማለት ነው። አሁን ባለ ጎማውን ቦርሳ ባዶውን አንሱት፤ ከነብረቱና ከነጎማው ባዶውን 2 ኪሎ የሚደርስ አለ። ደብተር ሳይገባበት ልጁ መሸከም የሚችለውን አብዛኛውን በልቶታል። «ይጎተታል እኮ» ትሉ ይሆናል። በኮብልስቶንና በክረምት ጭቃ ላይ አይጎተትም፤ ታክሲ ላይ ሲወጣና የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሲወጣም ልጁ ያነሳዋል፤ ያውም በአንድ እጁ።

ሁለተኛው ኪሳራ «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት ነው። ለልብስ ይሠራል፣ ለቦርሳ ግን አይሠራም። ታቹ ከወገብ ከአራት ጣት በላይ ከወረደ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ልጁም እንዳይወድቅ ወደፊት ይጎነበሳል፤ ቀኑን ሙሉ የሚደክመው አንገቱና ወገቡ ነው። ወርዱም ከልጁ ጀርባ አይለፍ። ትልቅ ቦርሳ ደግሞ ባዶ ቦታ ስላለው የማያስፈልገው ሁሉ ይጨመርበታል።

ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ማንገቻውን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፦ ጣታችሁ እስከ ጨርቁ ድረስ ከሰመጠ ስፖንጁ በወር ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ትከሻ ላይ የሚቀረው ቀጭን ገመድ ነው። ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ቀጭን ማንገቻ ክብደቱን ሁሉ በጠባብ ቦታ ስለሚጭን ትከሻ ቀይ ይሆናል፣ እጅ ይደነዝዛል። ከዚያ ማንገቻው ከቦርሳው አናት ጋር የተያያዘበትን ቦታ ገልጣችሁ እዩ። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ካለው ተዉት። በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሃሉ በመስቀል የተመታው ነው የሚቆየው። የፕላስቲክ ማጥበቂያውንም አጥብቁና ሳብ አድርጉት፤ የሚሾልክ ከሆነ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ቦርሳው ወርዶ መቀመጫው ላይ ይመታል።

ጥሩ ቦርሳም በአሸካከም ይበላሻል። ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባው ተጠግቶ ይግባ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ። ሁለቱም ማንገቻ ይነገት፤ በአንድ ትከሻ ከሆነ ሰውነት ወደ ጎን ያዘነብላል። ውኃውን አትርሱት፦ አንድ ሊትር ኮዳ ሙሉውን አንድ ኪሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ንጹሕ ውኃ ካለው ባዶውን ይዞ ይሂድ። የዕለቱን ፕሮግራም አይታችሁ የማይማርበትን ደብተር ማታ አውጡለት።

ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ልጃችሁን ሁለት ጊዜ ሚዛኑ ላይ አቁሙት፣ መጀመሪያ ያለ ቦርሳ፣ ቀጥሎ ከነቦርሳው፤ ልዩነቱ ሸክሙ ነው። ትከሻው ላይ ቀይ ምልክት ከቀረ ወይም እጁን ከነዘረው ሸክሙን ቀንሱለት። ቀንሳችሁም ሕመሙ ካልተወው፣ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰው፣ ሐኪም ይየው።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቁ አትውጡ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ቢመልሷችሁ ይህን ንገሯቸው። ቀኑ ካለፈ ግን አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ የተተረተረ ማንገቻን ጫማ ሰፊ በናይለን ክር ደርቦ ይሰፋዋል፣ ስፖንጅም ይጨምርበታል።