«ለቀላል ነፋስ የተሠራ» እየተባለ ስለሚሸጥ የዊንድሰርፊንግ ቦርድ ለጣና ዳር ገዢዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ሰሞኑን በባሕር ዳርና በአካባቢዋ «ለቀላል ነፋስ የተሠራ፣ ለጀማሪም ልምድ ላለውም የሚሆን» በሚል ማስታወቂያ ያገለገሉ የዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ ኃይል ውሃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) ቦርዶች በቴሌግራም እየተሸጡ ነው። ሻጩ የዋጋውን ግማሽ በቀብድ መልክ ይቀበላል፤ ዕቃው በጅቡቲ በኩል በጭነት መኪና እንደሚመጣ ይናገራል፤ ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለውም ቦርዱ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ ሳይፈታ ነው። በዚህ መንገድ የተገዙ ሁለት ቦርዶችን ሐይቁ ዳር አግኝቼ በደንብ መርምሬያለሁ። አንዱም ለተባለለት አገልግሎት የሚውል አይደለም። ሌሎች ገዢዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ያየሁትን እንዲያውቁ ስለምፈልግ ዝርዝሩን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን ቦርድ የገዛው 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ይህን ስፖርት ገና ሊጀምር የተነሣ ወጣት ነው። ማስታወቂያው ቦርዱ 195 ሊትር ይዘት እንዳለው ይገልጻል፤ በቦርዱ ጅራት አጠገብም «195» የሚል ቁጥር ይታያል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው «95» የሚለው ከላይኛው ልባስ ሥር የታተመ የፋብሪካ ጽሑፍ ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው «1» ግን በኋላ በቀለም የተጨመረ በመሆኑ በጥፍር ሲነካ ይፋቃል። ሜትር አስመጥተን ስንለካው ርዝመቱ 240፣ ስፋቱ 60፣ ውፍረቱም በጣም በወፈረበት ቦታ 11 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሦስቱ ቁጥሮች ሲባዙ፣ ቦርዱ ማዕዘኑ ያልተነካ ሙሉ ሣጥን ቢሆን እንኳ፣ የሚገኘው 158 ሊትር ያህል ብቻ ነው። የቦርድ ጫፍ ሾጣጣ፣ ጠርዙም ክብ ስለሆነ እውነተኛው ይዘት ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ይህ ቦርድ 195 ሊትር ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም። ይህን ስሌት ማንም ሰው በስልኩ ሊሠራው ስለሚችል፣ ሻጭ ሦስቱን ልኬቶች ለመስጠት ሲያመነታ በዚያው መጠርጠር ይገባል።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ላስረዳ። በጣና ባለው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የቦርዱ እያንዳንዱ ሊትር ይዘት አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ያንሳፍፋል። የባሕር ውሃ በጨው ምክንያት ከዚህ በመቶኛ 2.5 ያህል አብልጦ ስለሚሸከም፣ ውቅያኖስ ላይ በጭንቅ የሚበቃ ቦርድ እዚህ አይበቃም። ወጣቱ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ ቦርዱ ራሱ 7 ኪሎ፣ ሸራው ከነምሰሶውና ከነመያዣው ደግሞ 10 ኪሎ ያህል ቢሆን ድምሩ 97 ኪሎ ይደርሳል። 95 ሊትር ቦርድ ላይ ቆሞ ነፋስ የሚጠብቅ ሰው ከጉልበቱ በታች ውሃ ውስጥ ገብቶ ይዋልላል እንጂ አይጓዝም። እንዲህ ያለው አጭርና ጠባብ ቦርድ የተሠራው ለኃይለኛ ነፋስ ነው፤ ፍጥነት ሲያገኝ ውሃውን መቅደዱን ትቶ በላዩ ላይ ስለሚንሸራተት በይዘት ያጣውን በፍጥነት ይክሰዋል። ነፋሱ ቀለል ባለ ጊዜ ግን ያ ፍጥነት አይገኝም። ለጀማሪ የሚመከረው ይዘት ከሰውነት ክብደት በላይ 100 ሊትር ያህል ጭማሪ ያለው ነው፤ ለዚህ ወጣት የሚስማማው 180 ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ፣ ስፋቱም ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ ነበር።

በእውነት ለቀላል ነፋስ የተሠሩ ቦርዶች በሁለት መንገድ ይመጣሉ፤ ሻጩ ሁለቱን እያደባለቀ ስለሚናገር ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ረጅሙ ቦርድ ነው። ስፖርቱ በስፋት በታወቀባቸው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ይሠሩ የነበሩት ቦርዶች ርዝመታቸው 3.65 ሜትር ያህል ነበር፤ ከመሃላቸውም ወደ ውሃ የሚወርድ፣ ሲፈለግም የሚነሣ ዳገርቦርድ ነበራቸው። ዳገርቦርዱ ቦርዱ በነፋሱ ተገፍቶ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ስለሚይዘው፣ ቅጠል በማያወዛውዝ ነፋስ እንኳ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ እየተመላለሱ ወደ ተነሡበት መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው አጭር ግን በጣም ሰፊ የሆነው የውድድር ቦርድ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር ይደርሳል፤ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፊን (ከቦርዱ ጅራት ሥር የሚገጠም ክንፍ) እና ከ10 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሸራ ይፈልጋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ የሚንሸራተተውም ሸራውን በእጁ እያወዛወዘ ፍጥነት መፍጠር በሚችል ልምድ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከ2008 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) እስከ ቶኪዮው ኦሎምፒክ ድረስ ያገለገለው አርኤስኤክስ የተባለው ቦርድ የሁለቱን ጠባይ ያጣመረ ሲሆን ርዝመቱ 2.86 ሜትር፣ ስፋቱ 93 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዳገርቦርድም አለው። እኔ ለጣና የምመርጠው ያለ ማመንታት ዳገርቦርድ ያለውን ረጅሙን ቦርድ ነው። ያረጀ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው እሱ መሆኑ ደግሞ ለገዢው ትልቅ ዕድል ነው።

የሐይቁ ጠባይ ይህን ምርጫ ይደግፋል። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ማለዳ የሚነሡት ውሃው የሚረጋው በዚያን ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲሞቅ ከሐይቁ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ነፋስ ይነሣል። ይህ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው። ረጅም ቦርድ ያለው ሰው ሸራውን ጥቂት ከፍቶ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ከቦርዱ አፍንጫ ሥር የሚሰማውን የውሃ ድምፅ እያዳመጠ ክብራንና እንጦስን ከሩቅ እያየ ለረጅም ጊዜ መመላለስ ይችላል። ይህ ደስታ ኃይለኛ ነፋስ የሚጠብቅ ሰው ከሚያገኘው ያነሰ አይደለም፤ በልኩ የተመረጠ ቦርድ ግን ይፈልጋል።

በማስታወቂያዎቹ ላይ ፈጽሞ የማይነሣ፣ በእኛ አገር ግን ትልቅ ትርጉም ያለው ሌላ ጉዳይ አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ በመቶኛ 16 ያህል ይቀንሳል፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን የሚገፋበት ጉልበትም በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ በጠረፍ 7.5 ካሬ ሜትር ሸራ የሚሰጠውን ጉልበት እዚህ ለማግኘት ወደ 9 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሸራ ያስፈልጋል። ሻጩ ከቦርዱ ጋር አዳብሎ የሚያቀርበው 5.5 ካሬ ሜትር ሸራ ለሕፃናትና ክብደቱ ቀላል ለሆነ ሰው መለማመጃ ይሆን ይሆናል፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን በጣና የከሰዓት በኋላ ነፋስ በዚያ ሸራ ብዙ አይራመድም።

ሁለተኛው ቦርድ ያሳዘነኝ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነው፤ ምክንያቱም በይዘቱም በስፋቱም ትክክለኛ ነበር፤ የተበላሸው በአያያዝ ነው። የቦርድ ውስጥ በአየር የተሞላ ፎም ስለሆነ ብዙዎቹ ላይ አንዲት ትንሽ የማስተንፈሻ ብሎን አለች። ቦርዱ ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲጓዝ ብሎኗ መላላት ይኖርባታል። ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ ባሕር ዳር ሲደርስ የውጭው የአየር ግፊት በመቶኛ 20 ያህል ስለሚቀንስ፣ ብሎኗ እንደተጠበቀች ከመጣች በውስጡ የታፈነው አየር በእያንዳንዱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በ20 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። በዚያ ላይ የመንገዱ ሙቀት ሲጨመር የላይኛው ልባስ ከፎሙ ይላቀቃል። እግር የሚቆምበትን ቦታ በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ደረቀ እንጀራ ተንኮሻኮሸ፤ ጣቴን ሳነሣም ወደ ቦታው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ቦርዱን በጅራቱ ስናቆመው ደግሞ ከፊኑ ማስገቢያ ስንጥቅ ቡናማ ውሃ ለረጅም ጊዜ ተንጠባጠበ። በሚዛን ላይ ሲወጣ ፋብሪካው ከጻፈው ክብደት በ4 ኪሎ በልጦ ተገኘ። ሻጩ ስንጥቁን አስቀድሞ በቀለም ሸፍኖት ስለነበር ውሃ መጠጣቱን አያውቅም ነበር ለማለት ይከብደኛል።

በመሆኑም ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፕላስቲኩ ይፈታ። ቦርዱን በእህል ሚዛንም ቢሆን አስመዝኑት። በተለይ የምሰሶው መትከያ ዙሪያና እግር የሚቆምበት ቦታ በጣት ይታይ፤ በሳንቲም ቀስ ተብሎ ሲመታም ደህናው ቦታ ጠንካራ፣ የተላቀቀው ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ፊን አብሮ መምጣቱንም አረጋግጡ። «ፊን በቀላሉ ይገኛል» የሚለው አባባል ውሸት ነው፤ የፊን ማስገቢያዎች ዓይነታቸው የተለያየ በመሆኑ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም፤ ባሕር ዳር ገበያ ወጥታችሁም አታገኙትም። ከሸራው ላይ ብርሃን የሚያሳልፈውን ፕላስቲክ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ፀሐይ ያደረቀው ከሆነ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል፤ በመጀመሪያው ውድቀትም ይቀደዳል።

ሻጩ ስሕተቱ ሲነገረው በምትኩ የሚያቀርበው ፎይል የተባለውን ነው። ፎይል ከቦርዱ ሥር በረጅም እግር ላይ የተተከለ ክንፍ ሲሆን፣ በቀላል ነፋስ ቦርዱን ከውሃው በላይ እንደሚያነሣ እውነት ነው፤ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክም የተወዳደሩበት በዚሁ ነው። ነገር ግን እግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውሃው ይጠልቃል፤ የጣና ዳርቻ ደግሞ ጥልቀት የሌለውና በየቦታው ድንጋይ ያለበት ነው፤ እምቦጭና ሌላ አረም ባለበትም ክንፉ ወዲያው ይያዛል። ለጀማሪ በፍጹም አልመክረውም። በአየር የሚነፋ ቦርድ ለመለማመጃ መጥፎ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በእነዚህ ማስታወቂያዎች ያየኋቸው የምሰሶ መትከያ የሌላቸው የመቅዘፊያ ቦርዶች በመሆናቸው ሸራ ሊቆምባቸው አይችልም።

ትክክለኛውን ቦርድ ያገኘ ሰውም ከዓባይ መውጫና ከደብረ ማርያም አካባቢ ጉማሬ ስላለ ይራቅ፤ ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብስ አይውጣ፤ ሐይቁ ቢልሃርዚያ ያለበት ስለሆነም ሣርና አረም በበዛበት ዳርቻ ቆሞ ዕቃውን አይገጣጥም፤ ወቅቱን ጠብቆም ይመርመር።

ገንዘብ የከፈላችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና የባንክ ማስተላለፊያውን ሻጩ ሳያጠፋው በፎቶ አስቀሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅም ይችላል። ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ደረሰኝ ትልቅ ማስረጃ ስለሆነ፣ «ያገለገለ ዕቃ ደረሰኝ የለውም» ለሚል ነጋዴ ቀብድ አትስጡ። ቀብድ ከፍላችሁ ቦርዱ ገና በመንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለሻጩ ጻፉለት፤ የማስተንፈሻ ብሎኗ እንድትላላ፣ ቦርዱ በሜትር ሲለካና በሚዛን ላይ ሲወጣ የተነሣ ፎቶም እንዲልክ በግልጽ ጠይቁት፤ ካልላከ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ።