የሥጋ ቴርሞሜትር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ

ወገኖች፣ ሰሞኑን በቴሌግራም የሚሸጡትን የሥጋ ቴርሞሜትሮች በጣም ተጠንቀቁ። ሁሉም አይረቡም አላልኩም። እኔ የገዛሁት ግን ሰው የሚያሳምም ዕቃ ነው፤ ሻጩ ችግሩ ተነግሮትም እስካሁን እየሸጠው ነው።

ዕቃው ትንሽ ስክሪንና ረጅም ሹል ብረት አለው። ዶሮ ኦቨን ውስጥ ጠብሼ ጭኑ ላይ ስሰካው 74 አለ። ለዶሮ የሚመከረው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እዚያ ሲደርስ እንደ ሳልሞኔላ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። አውጥቼ ስቆርጠው ግን መጋጠሚያው ጋ ሥጋው ገና ጥሬ ነው፤ ያሟልጫል፣ ከአጥንቱ አልላቀቅ ይላል። ወዲያው ወደ ኦቨኑ መለስኩት።

ከዚያ መለኪያውን ራሱን ፈተንኩት። በረዶ ሰባብሬ ብርጭቆ ሞላሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩበት፣ አማስዬ ትንሽ ካቆየሁት በኋላ ጫፉን ብርጭቆውን ሳላስነካ መሃል ላይ ነከርኩት። 0 ማለት ነበረበት። 8 አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው 8። ስለዚህ 74 ሲለኝ የዶሮው ሙቀት ገና 66 አካባቢ ነበር ማለት ነው። አሳንሶ የሚያነብ ቢሆን ሥጋው ቢደርቅብን ነው፤ አብልጦ የሚያነብ ግን ጥሬውን በስሏል ብሎ ያበላናል።

ለሻጩ ነገርኩት። ቪዲዮ ላከልኝ፦ የሚፈላ ውሃ፣ ስክሪኑ ላይ 100። «ይኸው፣ ልክ ነው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ውሃ በ100 ይፈላል ብለን የተማርነው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ቦታ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለምታልፍ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው። ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 አካባቢ ይሆናል። አዲስ አበባ በተጣደ ውሃ 100 የሚል ቴርሞሜትር 8 ዲግሪ ጨምሯል፤ በረዶው ላይ ያየሁት ያንኑ 8! ይህንን ሳስረዳው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ደረሰኝም አልሰጠኝም።

እዚያው ቻናል ላይ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውንም «ለሥጋም ይሆናል» እያሉ ይሸጣሉ። አትግዙት። እሱ የሚያነበው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው፤ ውስጡ በስሎ እንደሆነ አይነግራችሁም።

መግዛት ካለባችሁ በዴሊቨሪ ሲመጣ የበረዶ ውሃ አዘጋጁና ልጁ ቆሞ እያለ ሞክሩት። አንድ ዲግሪ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ ከዚያ ካለፈ አትክፈሉ። ደረሰኝም ጠይቁ። ስትለኩ ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳታስነኩ ስኩት። የተፈጨ የበሬ ሥጋ 71 መድረስ አለበት፤ ያልተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ቁራጭ 63 ሲደርስ አውጥታችሁ 3 ደቂቃ አሳርፉት። ለዶሮ ወጥ ብላችሁ ግን ብር አታውጡ፤ እሱ ረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ መለኪያ አይፈልግም።

የፈላ ውሃ ቪዲዮ የሚልክላችሁን ሻጭ መጀመሪያ የት እንደቀረጸው ጠይቁት። አዲስ አበባ ካላችሁና ስክሪኑ ላይ 100 ካያችሁ፣ ተዉት።